የጅብ ጥቅሙ የሁሉ፣ ጉዳቱ የአንድ ቤት
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፤ ሸዋ በር፣ ሐረር)



ባለፉት የሥልጠና ቀናት ስለ ማሽላ ዘር፣ ስለ ለውዝ አያያዝና ስለ ሰንጋ ማድለብ ተነጋግረናል። የዛሬው ርእሳችን ጅብ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ስታዩት ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን በቀበሌዎቻችን ስንዘዋወር ከማዳበሪያ ቀጥሎ ደጋግማችሁ ከምታነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፦ «አህያዬን በላብኝ፤ መንግሥት ለምን አያጠፋልኝም?» ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። አንድ አህያ ያለው ቤተሰብ አህያውን በአንድ ሌሊት ሲያጣ ውኃውም፣ ማገዶውም፣ ወደ ገበያ የሚወጣው ጫትና አትክልትም ወደ ሰው ጀርባ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ወደ እናትና ወደ ሴት ልጅ ጀርባ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጅብን አመስግኑ ብለን አልመጣንም። ተመራማሪዎች ስለ ጅብና ስለ ሌሎች አዳኝ እንስሳት ያገኙትን እናያለን፤ ከዚያም በረታችንን፣ ውሻችንንና በድን አወጋገዳችንን እንዴት ማስተካከል እንዳለብን እንነጋገራለን። ከዚህ ሥልጠና ይዛችሁ እንድትወጡ የምንፈልገው አንድ ሐሳብ ነው፦ የጅብ ጥቅም ለሁላችን ይከፋፈላል፤ ጉዳቱ ግን አጥሩ በሳሳው በአንዱ ቤት ላይ ይወድቃል። መፍትሔውም ጅቡን መግደል ሳይሆን የሳሳውን አጥር በጋራ ማጥበቅ ነው።

1. ሐረርና ጅብ

የሐረር ሰው ከጅብ ጋር መኖርን የተማረው ከየትም መጽሐፍ አይደለም። የጀጎል ግንብ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲታነጽ ከታወቁት በሮች ሌላ ከግርጌው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ቀን ሸዋ በርን የሚያጨናንቁት ሰውና የጫነ አህያ ናቸው። ሌሊት ደግሞ ጅብ ወደ ከተማው ገብቶ በየመንገዱ የቀረውን አጥንትና ትራፊ ያነሳል፤ ሳይነጋ ይወጣል። የከተማው ሰው በሙሐረም ወር በዓሹራ ቀን በቅቤ የተሠራ ገንፎ ለጅብ ያቀርባል፤ ከአበላሉም የዓመቱን መልካምነትና ክፋት ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዓለም ስለ ሐረር ከሚያውቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ማታ ማታ የሚቀለበው ጅብ ነበር። ማርከስ ቤይንስ ሮክ የተባሉ የሥነ ሰብእ ተመራማሪም በሐረር ቆይተው የሰውንና የጅብን ኑሮ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አሳትመዋል።

ታዲያ ይህ ለእናንተ ለአርሶ አደሮቹ ምናችሁ ነው? ብዙ ነገር ነው። ከተማው የጅቡን ዝና ያገኛል፤ ጎብኚም ለከተማው ገንዘብ ያመጣል። ያው ጅብ ግን ከከተማው ወጥቶ በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጠያራ ገጠሮች ያልፋል። በአንዱ ሌሊት ትራፊ ሲያጣ የሚሞክረው የከተማውን ሆቴል አይደለም፤ የእናንተን በረት ነው። ስለዚህ የጅብን ጉዳይ ለከተማውና ለቱሪዝም ባለሙያዎች ብቻ መተው አንችልም።

2. ጅብ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

በአካባቢያችን በብዛት የሚታየው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። ስለ እርሱ ከምንሰማቸው ብዙ ነገሮች መካከል ለሥራችን የሚጠቅሙትን ብቻ እንያቸው።

አንደኛ፣ ጅብ በመንጋ ይኖራል፤ መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት። እያንዳንዱ መንጋ የራሱ ወሰን አለው፤ ሌላ መንጋ ሲገባበት ይዋጋል። በዚህ ምክንያት አንድ መንጋ በመርዝ ቢያልቅ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ መንገዱንና ሰዉን የማያውቅ ጅብ ይተካበታል።

ሁለተኛ፣ ጅብ በፍጥነት አይራባም። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልገል ትወልዳለች፤ ከአንድ ዓመት በላይም ታጠባቸዋለች። ስለዚህ በዘፈቀደ የሚደረግ ግድያ በአጭር ጊዜ ቁጥሩን ይጎዳል፤ ጉዳቱም በቀላሉ አይጠገንም።

ሦስተኛ፣ የጅብ መንጋጋና ሆድ ሌላ እንስሳ የሚተወውን ይጨርሳል። አጥንት ይሰብራል፣ ቆዳ ይበላል፣ የሻገተ ሥጋ ይፈጫል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው ከአጥንት ባገኘው ካልሲየም ነው። ፀጉር ግን አይፈጭለትም፤ ሳይለወጥ ይወጣል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ተመራማሪዎቹ የጅብን ቀለብ ያወቁት በእርሷ ነው።

3. ከመቀለ የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

በአገራችን ስለ ጅብ በሰፊው ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ መቀለና አካባቢዋ ነው። እዚያም እንደ እኛ አካባቢ የዱር ታዳኝ እንስሳት ከጠፉ ቆይተዋል፤ ጅቡ የሚኖረው ከሰው በሚያገኘው ነው። የመቀለ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጊደይ ይርጋ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሯቸውን ሁለት ጥናቶች እንመልከት።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ክርስቲያኑ ሥጋ ሲተው፣ እርድም ሲቀንስ፣ ጅቡ ምን ይበላል? ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የቀረውን ፀጉር በማጉያ መሣሪያ ለዩት። ውጤቱ ይህ ነው፦ የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት በ14.8 ከመቶው ተገኘ፤ በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 ከመቶ ከፍ አለ፤ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 ከመቶ ወረደ።

ምን ማለት ነው? ጅቡ የቄራና የጓሮ ትራፊ ሲያገኝ በዚያ ይረካል። ትራፊው ሲጠፋበት ግን ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። የሐረር የእርድና የጾም አቆጣጠር ከመቀለ ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አንወስድም። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ በከተማው የቆሻሻ አወጋገድ ወይም የእርድ መጠን ሲለወጥ ለውጡ በገጠሩ በረት ላይ ይታያል። አንድ የቆሻሻ መጣያ ሲታጠር ወይም ሲዘጋ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን በአቅራቢያው ያሉ በረቶች በዚያው ሰሞን ካልተጠናከሩ ችግሩ ከከተማ ወደ ገጠር ተዛወረ እንጂ አልተፈታም።

ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች የነበሩት ቺንመይ ሶናዋኔና ኒል ካርተር ከጊደይ ይርጋ ጋር የሠሩት ነው። እነርሱ የጠየቁት ጥያቄ የተገላቢጦሹ ነበር፦ ጅብ ምን ያጠፋል ከማለት ይልቅ ጅብ ምን ያተርፍልናል አሉ። በመቀለ ዙሪያ የሚኖሩትን ጅቦች ቁጥር፣ የሚበሉትን የበድን መጠንና የበሽታ አተላለፍን በስሌት አገናኙ። ያገኙት ግምት እንዲህ ነው፦

• ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት በድንና ትራፊ ያነሳሉ። በእኛ ልኬት 2,070 ኩንታል ነው፤ በቀን ከ5 ኩንታል ተኩል በላይ ማለት ነው።
• ይህ በመደረጉ በዓመት 5 ሰዎች በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ ይድናሉ።
• 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከእነዚሁ በሽታዎች ይተርፋሉ።
• በሕክምና ወጪና በእንስሳት ሞት ሊጠፋ ይችል የነበረ ወደ 52,000 የአሜሪካ ዶላር ይድናል።

ይህ ስሌት እንጂ በቆጠራ የተመዘገበ አይደለም። ግን አስቡት፤ ይህን 2,070 ኩንታል በጋሪና በመኪና እናንሳ ብንል ስንት ሰው፣ ስንት ነዳጅ፣ ስንት ጉድጓድ ያስፈልገን ነበር? ጅቡ ደመወዝ ሳይጠይቅ ሌሊት ይሠራዋል።

አሁን ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለተኛው «ጅብ ለአገሩ ይጠቅማል» ይላል። የመጀመሪያው «ጅብ አህያህን ይበላል» ይላል። አይጋጩም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ልዩነቱ ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ከ140ዎቹ የዳኑ እንስሳት መካከል የእኔ ነበረች ብሎ የሚመሰክር ባለቤት የለም፤ ያልታመመች ላም አትታይም። የተበላችው አህያ ባለቤት ግን ይታወቃል፤ ስሙም ቤቱም ይታወቃል። ስለዚህ «ጅብ ይጠቅማል» ብለን ለተጎዳው ጎረቤታችን ብንሰብክ ትክክል ብንሆንም ፍትሐዊ አንሆንም። ፍትሕ የሚሆነው ጥቅሙን የምንካፈል ሁላችን የመከላከያውን ድካምም ስንካፈል ነው።

4. አዳኝና ጥንብ አንሺ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

«ጅቡን እናጥፋውና እንይ» የሚል ካለ ሌሎች አይተውልናል። በሕንድ አገር ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳ አሞራ በድንገት ማለቅ ጀመረ። ሦስቱ ዋና ዋና ዝርያዎች ከ95 ከመቶ በላይ ጠፉ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፦ ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ እያለ የሞተችውን ላም የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። አሞራው ሲያልቅ በድኑ በየሜዳው ቀረ፤ የባዘነ ውሻ በዛ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለች፤ የጠፋው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚህ ለእኛ ሁለት ነገር ይወጣል። ለታመመ ከብታችሁ የሰው ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ፤ ሜሎክሲካም የተባለው ለአሞራዎች የማይጎዳ አማራጭ ነው። ሌላው፣ በአፍሪካ ጥንብ አንሳን በብዛት የሚፈጀው በድን ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። ለጅብ ብላችሁ የመረዛችሁት ሥጋ ጅቡን ብቻ አይመርጥም። ቀድሞ የሚያገኘው አሞራው፣ የጎረቤት ውሻ፣ ድመት ወይም ዶሮ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። መርዙን በእጁ የነካ ልጅም አይተርፍ ይሆናል።

ከራሳችን አገርም ምሳሌ አለ። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እንደገና በእብድ ውሻ በሽታ ተጠቅቶ በብዛት አልቋል። በሽታውን ያመጣው ያልተከተበ የሰው ውሻ ነው። እዚያ ያለው ሥራም ቀበሮውን ከመጠበቅ ባሻገር የአርሶ አደሩን ውሻ መክተብ ሆኗል። ውሻ ሲከተብ ቀበሮውም፣ ከብቱም፣ ልጁም ይድናል።

በማሽላ ጎተራችሁ ዙሪያ የምታዩት ጉጉትም እንዲሁ ነው። በብዙ ቦታ «ክፉ ምልክት ነው» ተብሎ በድንጋይ ይገደላል። የሚበላው ግን ጎተራችሁን የሚበላውን አይጥ ነው። ምልክቱ ክፉ ቢሆን እንኳ ለአይጡ ነው።

5. በረታችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። አህያ ከተበላች በኋላ አጥር ማጠር የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ቀድማችሁ ፈጽሟቸው።

ሀ. ማታ ሁሉም እንስሳ ይግባ። በሐረርጌ ሰንጋን ቤት ውስጥ አስሮ በእጅ ማብላት የቆየ ጥበብ ነው፤ ለዚህም ነው ሰንጋ በጅብ የሚጠቃው ጥቂት ጊዜ ብቻ። ሜዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ ታስራ የምታድረው አህያዋ ናት። ለሰንጋው የምንሠራለትን ያህል ባይሆን እንኳ ለአህያዋ ግድግዳ እንሥራላት። ታስራ የምታድር አህያ መሸሽም መራገጥም አትችልም፤ ስለዚህ በረት በሌለበት ማሰር አደጋውን ያብሳል።

ለ. አጥሩን ከታች ጀምሩ። ጅብ ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር ሾልኮ ወይም ቆፍሮ መግባት ይቀናዋል። ከግርጌው ትላልቅ ድንጋይ ደርድሩ፤ የተወሰነውን በመሬት ውስጥ ቅበሩ። ከዚያ በላይ ድንጋይ ካለ በድንጋይ፣ ከሌለ ወፍራም እንጨትና የግራር እሾህ ተጠቀሙ። ቁመቱ ከሰው ቁመት ባያንስ ይመረጣል። የደረቀ እሾህ ስለሚሳሳ በየክረምቱ መጨረሻ መጨመር አለበት።

ሐ. በሩን አትናቁ። አጥሩ ጠንካራ ሆኖ በሩ ሁለት ቅርንጫፍ ጣል የተደረገበት ከሆነ አጥር የለም ማለት ነው። በሩ ጠባብ፣ ጣውላ ወይም ወፍራም አጠና የሆነ፣ በመወርወሪያ የሚዘጋ ይሁን።

መ. ጠረን አትተዉ። የወለደች ላም እንግዴ ልጅ፣ የታረደ በግ ሆድ ዕቃና ደም በበረቱ አጠገብ ከቀረ ጅብን ጥሩት ማለት ነው። በዚያኑ ቀን ከቤት ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

ሠ. ውሻችሁን አስከትቡ። ውሻ ጅብን አያሸንፍም፤ ይቀሰቅሳችኋል። ያልተከተበ ውሻ ግን ከጅቡ የባሰ አደጋ ነው። ክትባቱ በየዓመቱ ይደገም።

ረ. ሰው ከእንስሳ ይቀድማል። በአገራችን ጅብ ሰው ያጠቃባቸው ጊዜያት አሉ። ሕፃናት ማታ ብቻቸውን ውኃ ወይም ደጅ አይላኩ። በመኸር ወቅት አውድማ ወይም ጫት የሚጠብቅ ሰው ብቻውን መሬት ላይ አይተኛ፤ ከፍ ያለ ማማ ይሥራ። በቀን ሰውን ሳይፈራ የሚቀርብ፣ የሚንገዳገድ ወይም ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ጅብ ካያችሁ አትጠጉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለቀበሌ አሳውቁ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይጠብ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የሀገር ባህል መድኃኒት እየሞከረ ቀን አያሳልፍ።

6. በድን ሁሉ ለጅብ አይሰጥም

ከመቀለው ጥናት ተነስቶ «እንግዲያው የሞተውን ሁሉ ለጅብ እንጣልለት» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው፤ በደንብ እንለየው።

ያለ ሕመም ምልክት በድንገት የሞተ፣ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፉ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁርና የማይረጋ ደም የሚፈስሰው እንስሳ በአባ ሰንጋ ሞቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ ሥጋውን አትቅመሱ፣ ለውሻም ለጅብም አትጣሉት። የአባ ሰንጋ ጀርም አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ይሠራል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ጅብ ሲጎትተው ደሙን በግጦሹ ላይ ይዘራዋል። ስለዚህ ወዲያው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ፤ በድኑ በወደቀበት አጠገብ፣ ከምንጭና ከጎርፍ መውረጃ ርቆ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበር፤ ጅብ እንዳይቆፍረው ከላዩ ድንጋይና እሾህ ይጫንበት። የቀሩት ከብቶች ይከተቡ።

በገደል ወድቆ፣ በምጥ ወይም በእርጅና የሞተ፣ መድኃኒት ያልተወጋ እንስሳ ሲሆን ቀበሌው ከመኖሪያና ከውኃ ርቆ በመረጠው ቦታ ይጣል። ጅቡና አሞራው ሥራቸውን ይሠሩታል። የት እንደሚጣል ግን እያንዳንዱ ቤት በየፊናው አይወስን፤ የእናንተ በር ፊት የሚጣል በድን የጎረቤታችሁን በረት የጅብ መንገድ ያደርገዋል።

ጅብን መግደልን በተመለከተም ሕግ እንዳለ አስታውሱ። በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው። በተደጋጋሚ ጉዳት የሚያደርስ ጅብ ሲኖር ጉዳዩን በቀበሌ በኩል ለሚመለከተው አካል አቅርቡ። በግል መርዝ ማስቀመጥ ግን ሕግ ባይኖር እንኳ ራስን መጉዳት ነው።

7. ከእናንተ የሚጠበቀው

ሞዴል የተባላችሁት በማሳችሁ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ከእናንተ አይቶ ስለሚሠራ ነው። በአብዛኞቻችሁ ግቢ በረቱ ጠንካራ ነው። ጅቡ የእናንተን በረት ሞክሮ ሲያቅተው ወዴት ይሄዳል? አጥሯን የሚያጥርላት ጎልማሳ ወደሌላት አባወራ አልባ እናት፣ ወደ አቅመ ደካማው ሽማግሌ፣ ገና ጎጆ ወደ ወጣው ወጣት ቤት ይሄዳል። የእናንተ አጥር በጠነከረ ቁጥር የእነርሱ ተራ ይደርሳል። ይህን ካወቅን የራሳችንን አጥር አጥረን መተኛት በቂ አይሆንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የልማት ቡድን የሚከተለውን ሠርቶ በሚቀጥለው ሥልጠና ሪፖርት እንዲያቀርብ ተወስኗል፦

1. በቡድኑ ውስጥ ያሉትን በረቶች ሁሉ ማታ ሳይሆን በቀን ዞራችሁ እዩ፤ ግርጌውን፣ በሩንና የሳሳውን ቦታ መዝግቡ።
2. ከሁሉ የደከመውን በረት ምረጡና በአንድ ቀን ደቦ ወይም ጉዛ አጥሩት። ቀጥሎ የሚደክመው የሚቀጥለው ሳምንት ይሁን። ከራሳችሁ አትጀምሩ።
3. በቡድኑ ያሉ ውሾችን ቁጥር ለልማት ጣቢያ ባለሙያው አስመዝግቡ፤ የክትባት ቀን ሲቆረጥ ሁሉንም አምጡ።
4. ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ የበድን መጣያና መቅበሪያ ቦታ ወስኑ።
5. በጅብ የተጠቃ እንስሳ ሲኖር ቀኑን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ በረት ውስጥ ወይም ውጭ እንደነበርና ጅቡ በየት እንደገባ ጻፉ። ከዓመት በኋላ ይህ መዝገብ ከማንኛውም ወሬ በላይ ይነግረናል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ. ባለፉት ሁለት ዓመታት በቀበሌያችሁ በጅብ የተበሉት እንስሳት የት ያድሩ ነበር? በረት ውስጥ ከነበሩስ ጅቡ በየት በኩል ገባ?
ለ. በአካባቢያችሁ የቆሻሻ መጣያ ወይም የእርድ ቦታ ሲዘጋ ወይም ሲቀየር በበረቶች ላይ ያያችሁት ለውጥ አለ?
ሐ. በቡድናችሁ አጥሩ ከሁሉ የደከመው ቤት የማን ነው? ደቦው ለየትኛው ቀን ይሁን?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ ከዚህ እንዳትነሱ። ቀኑን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጻፉትና ለልማት ጣቢያ ባለሙያው አሳዩት።